ራጁን ለባለቤቱ ስጡት

ሐዋሳ ፒያሳ ላይ ሽቦ የታሰረ ጥርስ ማየት ብርቅ መሆኑ ቀርቷል። ከትምህርት ቤት ተለቀው ካፌ የሚሞሉት ልጆች ሲስቁ ጥርሳቸው ያብለጨልጫል። የጥርስ ክሊኒኩ ማስታወቂያም ከፋርማሲውና ከሞባይል ቤቱ ማስታወቂያ ጋር ቦታ ይጋፋል። እኔ የምሠራው ከእነዚያ የመንጋጋ ጥርስ ከተሳለባቸው ሰሌዳዎች በአንዱ ሥር፣ የባጃጅ ጡሩምባ በማይደርስባት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው፤ ራጅ አነሣለሁ። ሰው ሁሉ ሲስተር ይለኛል። ሙያዬ ራዲዮሎጂ ቴክኖሎጂስት ቢሆንም አላርማቸውም።

በየጊዜው የሚገጥሙኝ ጥያቄዎች ሁለት ናቸው። አንደኛውን የሚጠይቁት በአብዛኛው እናቶች ናቸው፦ «ሲስተር፣ ይሄ ነገር ካንሰር አያመጣባትም?» ሁለተኛው የዚህ ተቃራኒ ነው፦ «አፌን አይቶ ብቻ? ራጅ እንኳ ሳያዝ? ምን ዓይነት ዶክተር ነው?» አንዷ ራጁን ትፈራዋለች፤ ሌላው ራጅ ያላዘዘ ሐኪም ገንዘቡን በከንቱ የበላበት ይመስለዋል። ሁለቱም ጭንቀታቸውን ያለ ቦታው አውለውታል ባይ ነኝ። በአግባቡ የታዘዘች አንዲት የጥርስ ራጅ የምታደርሰው ጉዳት እጅግ ትንሽ ነው። ሊያሳስበን የሚገባው ያለ በቂ ምክንያት የሚደገመው ነው። እኔ ከማየው ድግግሞሽ ብዙው የሚመጣው ደግሞ ክሊኒኮች ያነሣነውን ምስል ለታካሚው ስለማንሰጥ፣ ታካሚውም አምጡ ስለማይል ነው።

እናቶቹ ለሚጠይቁት መልሱ ቁጥሩ ውስጥ አለ። የጨረር መጠን የሚለካው በሲቨርት ነው፤ ለጥርስ ሕክምና ግን ሲቨርት በጣም ትልቅ ስለሆነ አንድ ሚሊዮንኛውን፣ ማይክሮሲቨርትን እንጠቀማለን። የትም ብንኖር ከአፈሩና ከድንጋዩ፣ ከምንተነፍሰው አየር፣ ከምንበላው ምግብና ከሕዋ የሚደርሰን የተፈጥሮ ጨረር አለ። የተባበሩት መንግሥታት የአቶሚክ ጨረር ሳይንሳዊ ኮሚቴ የዓለምን አማካይ በዓመት 2,400 ማይክሮሲቨርት ገደማ ያደርገዋል። ለቀን ሲካፈል ወደ ሰባት ይጠጋል። ሽቦ ከመታሰሩ በፊት የሚታዘዙት ራጆች በአብዛኛው ሁለት ናቸው። ፓኖራማ ሁለቱን መንጋጋዎች ከጆሮ እስከ ጆሮ በአንድ ምስል ያሳያል፤ በዲጂታል ማሽን ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 25 ማይክሮሲቨርት ይሰጣል። ሴፋሎግራም ጭንቅላትን ከጎን ያነሣል፤ እሱ በአብዛኛው ከ10 በታች ነው። ሁለቱ ተደምረው የጥቂት ቀናት የተፈጥሮ ጨረር ቢያክሉ ነው። ከቦሌ ተነሥቶ ዋሽንግተን የሚያርፍ መንገደኛ አየር ላይ ሳለ የሚያገኘው ብዙውን ጊዜ ከዚህ ይበልጣል።

ይህን ወደ አደጋ እንመንዝረው ብንል፣ ዓለም አቀፉ የጨረር ጥበቃ ኮሚሽን በሚጠቀምበት ስሌት 20 ማይክሮሲቨርት የምትሰጥ ፓኖራማ ከአንድ ሚሊዮን ሰዎች በአንዱ ላይ ተጨማሪ ካንሰር ልታስከትል ትችላለች ተብሎ ይገመታል። ይህ ከከፍተኛ መጠን ወደ ታች ወርዶ የተሰላ ግምት ነው፤ በዚህን ያህል ትንሽ መጠን ቆጥሮ ማረጋገጥ አይቻልም። ለልጆች ግን ግምቱ ከፍ ይላል።

ነገሩ የሚከብደውም እዚህ ላይ ነው። ጥርስ ለማሳሰር የሚመጣው ማን ነው? አብዛኛው ገና እያደገ ያለ ልጅ ነው። በልጅ ሰውነት ውስጥ ሴሎች ፈጥነው ይባዛሉ፤ የሚኖረውም ዕድሜ ረጅም ስለሆነ ጉዳት ቢደርስ ጊዜ ጠብቆ ለመታየት ዕድል ያገኛል። የምራቅ ዕጢዎች እዚያው ጨረሩ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ናቸው። እንቅርት የሚወጣበት ታይሮይድም ከአገጭ ብዙ አይርቅም፤ በልጅነት ለጨረር ስስ ከሆኑት የሰውነት ክፍሎች አንዱ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ልጁ ጤነኛ ነው። በመኪና አደጋ ጭንቅላቱን ለተመታ ሰው ሲቲ ስካን ሲታዘዝ ማንም ማይክሮሲቨርት አይቆጥርም፤ ነፍስ ይቀድማል። የጥርስ ሰልፍ ለማስተካከል ለመጣች ጤነኛ ልጅ ግን እያንዳንዷ ራጅ «ለምን አስፈለገሽ?» ተብላ መጠየቅ አለባት።

የጥርስ ሕክምና ይህን ትምህርት ያገኘው በውድ ዋጋ ነው። ሮንትገን ራጅን ያገኘው እ.ኤ.አ. በኅዳር 1895 ነበር። በጥር 1896 ኦቶ ቫልክሆፍ የተባለ ጀርመናዊ የጥርስ ሐኪም የራሱን ጥርስ አነሣ፤ ለዚያች አንዲት ምስል 25 ደቂቃ ጨረሩ ሥር ቆይቷል። በኒው ኦርሊንስ ኤድመንድ ኬልስ ራጅን ለጥርስ ሕክምና በማለማመድ ግንባር ቀደም ነበር። በየጊዜው እጁን ጨረሩ ውስጥ እያስገባ ይሠራ ስለነበር በመጀመሪያ ጣቶቹን፣ በኋላም ክንዱን በካንሰር አጣ፤ ሥቃዩ ሲበረታበት በ1928 ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ። የቦስተኑ የጥርስ ሐኪም ዊሊያም ሮሊንስ ግን ገና በ1901 ጨረሩ እንስሳትን እንደሚገድል በሙከራ አሳይቶ ጥንቃቄ እንዲደረግ ወትውቶ ነበር፤ በጊዜው ብዙ ሰሚ አላገኘም። ዛሬ እኔ ቁልፉን የምጫነው ከክፍሉ ውጭ ሆኜ ነው። ደረቴ ላይም የደረሰኝን ጨረር የምትመዘግብ ባጅ አንጠለጥላለሁ።

ስለዚህች ባጅ ብዙ ጊዜ አስባለሁ። እኔ ደመወዝ የሚከፈለኝ ባለሙያ ነኝ። ዓለም አቀፉ ወሰን በአምስት ዓመት አማካይ በዓመት ከ20,000 ማይክሮሲቨርት እንዳያልፍብኝ ይጠብቀኛል፤ የደረሰኝም ተለክቶ ይጻፋል። ማሽኑ ፊት የቆመችው የ13 ዓመት ልጅ ግን ባጅ የላትም። ለታካሚ የተቀመጠ ወሰን የለም፤ እንዳይኖርም የተደረገው በበቂ ምክንያት ነው፣ የሚያስፈልገው ሕክምና በቁጥር ምክንያት እንዳይከለከል። ይሁን እንጂ ወሰን ከሌለ መዝገብ ሊኖር ይገባ ነበር። ስንት ጊዜ እንደተነሣች፣ የት እንደተነሣች፣ ምን ዓይነት ራጅ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። እናቷም አትይዘውም፤ «አዎ፣ ባለፈውም አንሥተዋታል መሰለኝ» ትለኛለች።

ድግግሞሹ እንዴት እንደሚፈጠር ከክፍሌ ልንገራችሁ።

የሽቦ ሕክምና በአብዛኛው ዓመት ተኩል፣ ሁለት ዓመት ይፈጃል። በዚህ መሃል ሰው ይንቀሳቀሳል። አዳማ ወይም አዲስ አበባ ጥርሱን አሳስሮ ዩኒቨርሲቲ ሲደርሰው ሐዋሳ የሚመጣ ተማሪ ብዙ ነው። ከዲላ፣ ከይርጋለም፣ ከአለታ ወንዶ የሚመጡም አሉ። «የመጀመሪያው ራጅህስ?» ስለው መልሱ አንድ ነው፦ «እዚያ ኮምፒውተራቸው ላይ አሳዩኝ፤ አልሰጡኝም።» አንድ ተማሪ ፊት ለፊቴ ለመጀመሪያው ክሊኒክ ደወለ። ነገ ደውል፣ ሐኪሙ የለም፣ ሲስተሙ ተበላሽቷል ተባለ። ሲሰለቸው «በቃ አንሺኝ» አለኝ። ያ ምስል አለ፤ የተከፈለበትም ነው። ሆኖም ልጁ ሌላ ፓኖራማ፣ ሌላ ሴፋሎግራም ተነሣ።

ሌላው መንገድ ደግሞ ቅደም ተከተል ሲገለበጥ ነው። ጥርስ የሚያስተካክል ስፔሻሊስት በቋሚነት በሌለበት ክሊኒክ ሐኪሙ በቀጠሮ ቀን ብቻ ይመጣል። ሲመጣ ጊዜ እንዳይባክን ተብሎ ታካሚዋ ቀድማ ራጅ እንድትነሣ ይደረጋል። ሐኪሙ አፏን ሲያይ ግን የወተት ጥርሶቿ ገና አልረገፉም፤ «ከዓመት በኋላ ተመለሺ» ይላታል። ከዓመት በኋላ የአሁኑ ምስል አርጅቷል፤ እንደገና ትነሣለች። የብሪታኒያ የኦርቶዶንቲክስ ማኅበር መመሪያ አፍ ሳይመረመር በደፈናው ራጅ እንዳይነሣ የሚለው ለዚሁ ነው። እዚህ ያለው ጠቅላላ የጥርስ ሐኪም አፏን አይቶ፣ በስልክ ፎቶ አንሥቶ፣ ለስፔሻሊስቱ በቴሌግራም ቢልክለት ራጁ አሁን ያስፈልግ አያስፈልግ በአንድ መልእክት ይታወቅ ነበር።

የእኛ የአንሺዎቹም ድርሻ አለ። የፓኖራማ ማሽን ጭንቅላትን ዞሮ እስኪጨርስ አሥራ ምናምን ሰከንድ ይፈልጋል። በዚያ መሃል ልጁ ማሽኑን በዓይኑ ልከተል ብሎ ፊቱን ካዞረ ምስሉ ይበላሻል። ጉትቻ ሳይወልቅ፣ ሹሩባው ላይ ያለ ብረት ሳይፈታ፣ ማተብ ላይ የተንጠለጠለ መስቀል ሳይነሣ ከቀረ ጥላው ጥርሱ ላይ ያርፋል። ምላሱን ላንቃው ላይ ካልለጠፈ ደግሞ የላይኛዎቹ ጥርሶች ሥር በጥቁር ጥላ ይሸፈናል። መብራት መሃል ላይ ከጠፋማ የተሰጠው ጨረር በከንቱ ቀረ። ለዚህ ሁሉ መድኃኒቱ ሁለት ደቂቃ ተጨማሪ ትዕግሥት ነው፦ ልጁን አንድ ጊዜ ያለ ጨረር ማለማመድ፣ ጌጡን አስወልቆ እናት እጅ ላይ ማስቀመጥ፣ ማሽኑን ከመጠባበቂያ ባትሪ ጋር ማገናኘት። ውጭ የተሰለፈው ሰው «አልጨረሳችሁም?» ሲል መጀመሪያ የሚቆረጠው ግን ይህ ትዕግሥት ነው።

ባለ ሦስት ገጽታውን ሲቢሲቲ የሚባለውን ስካን ለብቻው አነሣዋለሁ። አንዲት ትንሽ የመንጋጋ ክፍል ብቻ እንዲያሳይ ከተደረገ በአሥሮች የሚቆጠር ማይክሮሲቨርት ሊሰጥ ይችላል፤ ሙሉ ፊትን በከፍተኛ ጥራት እንዲያነሣ ከተደረገ ግን ከ1,000 የሚያልፍበት ጊዜ አለ። እንዲህ ያለው አንዱ ሲቢሲቲ የብዙ ፓኖራማዎችን ያህል ነው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ኒውዮርክ ታይምስ አሜሪካ ውስጥ ይህ ስካን ለጥርስ አስተካካዮች እንደ አዲስ ፋሽን እየተሸጠ ልጆች ያለ በቂ ምክንያት እንደሚነሡበት ዘግቦ ብዙ ክርክር አስነሥቶ ነበር። የአውሮፓ ኮሚሽንም በ2012 ባወጣው መመሪያ ለሽቦ ሕክምና በተለምዶ እንዳይታዘዝ፣ ሌላው ራጅ ያልመለሰው ግልጽ ጥያቄ ሲኖር ብቻ እንዲውል አሳስቧል። «3ዲ አለን» የሚል ማስታወቂያ ለልጃችሁ ያስፈልጋታል ማለት አይደለም።

ይህን ስል ራጅ ከነአካቴው አንነሣም የሚሉትን ማበረታታቴ አይደለም። እምቢ ማለትም ያስከፍላል። በአካባቢያችን ሕፃን ሲያስቀምጠውና ሲያተኩሰው «ግግ ነው» ብለው ድዱን በስለት ቧጥጠው የክራንቻ ጥርሱን ቡቃያ የሚያወጡ አሉ። ጉዳቱ በወተት ጥርሱ አያበቃም፤ ከሥሩ ያለው ቋሚ ጥርስ ሊጠፋ ወይም ቅርጹ ሊበላሽ ይችላል። ያ ሕፃን አድጎ የላይኛው ክራንቻ ሊወጣበት በሚገባው በ11 እና በ12 ዓመቱ ቦታው ባዶ ይሆናል፤ የጎኖቹ ጥርሶችም ወደ ክፍተቱ ያዘነብላሉ። እናት ስለ ግጉ ላታነሣው ትችላለች፤ ሲጠየቁ ቀና ሲሉ ዓይቼ የማላውቃቸው እናቶች አሉ። ክራንቻው አለ? ከአጥንት ውስጥ ተጋድሞ የጎረቤቱን ሥር እየበላ ነው? ወይስ ጭራሹን የለም? ይህን ጣትም መስተዋትም አይመልሰውም፤ ፓኖራማ ይመልሰዋል። ይህን ሳያይ ሽቦ የሚያስር ሐኪም ካገኛችሁ ከወንበሩ ተነሡ።

ሌላው የከተማችን ጉዳይ የጥርስ ቀለም ነው። ሐዋሳ የስምጥ ሸለቆ ከተማ ናት፤ በሸለቆው ውስጥ የከርሰ ምድር ውኃ ፍሎራይድ በብዙ ቦታ ከዓለም ጤና ድርጅት ወሰን፣ ከ1.5 ሚሊግራም በሊትር፣ ይበልጣል። በልጅነቱ እሱን የጠጣ ጥርሱ ቡናማ ነጠብጣብ ይዞ ይወጣል። ወጣቶች ቀለሙንም ሰልፉንም አብረው ሊያስተካክሉ ይመጣሉ፤ «ውስጡ ተበልቶ እንደሆነ በራጅ እዩልኝ» ይላሉ። የፍሎራይድ ቀለም ግን በዓይን የሚታይ ነው፤ ለቀለሙ ብሎ ራጅ መነሣት የሚጨምረው ነገር የለም።

ጨረር እንዲከላከል ስለሚለበሰው የእርሳስ ሽርጥም አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ሰው የክሊኒክን ጥንቃቄ የሚመዝነው በእሱ ነውና። ከባዱን ሽርጥ ካላለበስኳቸው የሚቆጡኝ አሉ። የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር በ2024 ሽርጡና የአንገት መሸፈኛው በተለምዶ እንዲደረጉ መምከሩን አቁሟል። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ዛሬ ጨረሩ የሚያርፈው በጠባብ ቦታ ላይ ስለሆነ ለተቀረው ሰውነት የሚደርሰው እጅግ ጥቂት ነው፤ በፓኖራማ ጊዜ ደግሞ የአንገት መሸፈኛው ምስሉ ውስጥ ገብቶ ራጁን ሊያስደግም ይችላል። ጨረሩን በእውነት የሚቀንሱት ሌሎች ናቸው፦ ለነጠላ ጥርስ ራጅ ጨረሩን በፊልሙ ልክ በአራት ማዕዘን የሚገድብ ቱቦ፣ ዲጂታል መቀበያ ወይም ፈጣን ፊልም፣ ማሽኑን ከአዋቂ ወደ ልጅ መጠን ማውረድ፣ እና አለመድገም። ሽርጡን የፈለገ ላልብሰው፤ ግን «የልጅ መጠን ላይ አድርገሽዋል?» ብላ የምትጠይቀኝ እናት ከሽርጡ የበለጠ ልጇን ትጠብቃለች።

ሕግ የለንም ማለት አይቻልም። ኢትዮጵያ የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ አባል የሆነችው ኤጀንሲው በተመሠረተበት በ1957 እ.ኤ.አ. ነው። የጨረርና ኒውክሌር ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1025/2009 አለን፤ የራጅ ማሽን ያለ ፈቃድ ሥራ ላይ እንዲውል አይፈቀድም፤ የቁጥጥሩም ሥራ ዛሬ በኢትዮጵያ ቴክኖሎጂ ባለሥልጣን ሥር ነው። ቁጥጥሩ ግን የሚያተኩረው በማሽኑ፣ በግድግዳው ውፍረትና በእኔ ባጅ ላይ ነው። ግድግዳው ወፍራም፣ ማሽኑ ጤነኛ፣ ባጁም ንጹሕ ሆኖ አንዲት ልጅ በሦስት ክሊኒክ ሦስት ጊዜ ልትነሣ ትችላለች። ሁሉም ሕጋዊ ነው።

ባለ ክሊኒኮች የሚሉትን አውቃለሁ፤ ምሳም አብረን እንበላለን። «ምስሉን ከሰጠነው ይዞት ወደ ሌላ ይሄዳል» ይላሉ። ማሽኑ በውጭ ምንዛሪ የተገዛ ነው፤ የባንክ ብድር አለበት፤ በየራጁ የሚከፈለው ብር ደግሞ ብድሩን ይገፋል። ይህ እውነት ነው። ግን ታካሚው ለምስሉ ከፍሏል፤ ጨረሩንም የተቀበለው የእሱ ሰውነት ነው። ታካሚን የሚያቆየው ጥሩ እጅ ነው፤ ራጁን አግቶ ማቆየት ንግድም አይሆንም። «የሌላ ክሊኒክ ምስል ጥራት የለውም» የሚሉም አሉ፤ አንዳንዴ ልክ ናቸው። ጥራት የሌለው ሆኖ የሚደርሰን ግን ብዙ ጊዜ ታካሚው የኮምፒውተሩን ስክሪን በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ስለሚያመጣው ነው። ሴፋሎግራም ላይ ማዕዘንና ርቀት ይለካል፤ ከስክሪን የተነሣ ፎቶ ልኩን ያጣል።

ስለዚህ የምጠይቀው ብዙ ገንዘብ የማይፈልግ ነገር ነው። ክሊኒኩ ራጁን ሲያነሣ ዋናውን ፋይል ለታካሚው ይስጥ፤ በላዩም ቀኑ፣ የራጁ ዓይነትና የክሊኒኩ ስም ይጻፍበት። በቴሌግራም ሲላክ «ፎቶ» ተብሎ ሳይሆን «ፋይል» ተብሎ ይላክ፤ ፎቶ ሲሆን መተግበሪያው ይጨፈልቀዋል፣ ልኩም ይጠፋል። የሲዳማ ክልል ጤና ቢሮ ክሊኒኮችን ሲቆጣጠር ከሚያያቸው ነገሮች መካከል «ምስሉ ለታካሚው ተሰጥቷል ወይ?» የሚል አንድ መስመር ይጨምር። ሌላ አዋጅ መጠበቅ አያስፈልግም።

ወላጆች ደግሞ ከራጁ በፊት ሁለት ጥያቄ ይዛችሁ ኑ። አንደኛ፣ «ዶክተሩ አፏን አይቷል? ራጁ ምን እንዲመልስለት ነው የፈለገው?» ሁለተኛ፣ «ባለፈው የተነሣችው አይበቃም?» ባለሙያ በዚህ አይቀየምም፤ የተቀየመ ካለ ጥያቄው የሚገባው ነበር። ከተነሣች በኋላ ደግሞ ደረሰኝ ሳትቀበሉ እንደማትወጡት ሁሉ፣ ፋይሉ ስልካችሁ ውስጥ ገብቶ ከፍታችሁ ሳታዩት ከባንኮኒው አትነሡ። እኔም ጋ ስትመጡ ይህንኑ አድርጉ፤ ከዘገየሁባችሁም ቆጣ በሉ።